«ላሜ አልያዘችም» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፣ በእንስሳት መራባት። ለምን አልፀነሰችም፣ እንዴት ትወልዳለች፣ ውስጧ ምን ይመስላል። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስለ ማህፀንም ስለ ብልትም በስሙ እየጠራሁ ነው የምጽፈው፤ የሚያፍር ካለ ገጹን ይገልብጥ።

ጥያቄ፦ አንድ ዲቃላ የወተት ላም አለችኝ። በአዳቃይ ባለሙያ ሦስት ጊዜ አስጠቃኋት፤ በየ21 ቀኑ ተመልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። ምልክቱን ጠዋት አይቼ እደውላለሁ፣ ባለሙያው ግን ሥራ እየበዛበት በማግስቱ ከሰዓት ነው የሚደርሰው። ጎረቤት ሁሉ «መካን ናት፣ ለሥጋ ሽጣት» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (ከሰበታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትሽጣት። ቢያንስ ገና ነው።

በየ21 ቀኑ ኮርማ የምትፈልግ ላም እንቁልጢዋ፣ ማለትም እንቁላል የሚያመርተው አካሏ፣ እየሠራ ነው። እኔን የምታሳስበኝ ጭራሽ ኮርማ የማትፈልገዋ ናት። ያንተዋ ጊዜዋን ጠብቃ ምልክት እየሰጠችህ ነው። ችግሩ ወይ ሰዓቱ ላይ ነው፣ ወይ ዘሩ ላይ ነው፣ ወይ ዘሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ እውነትም ማህፀኗ ውስጥ ነው። አራት ተጠርጣሪ እያለ እኛ ግን ሁልጊዜ የምናስረው እሷን ብቻ ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ድራቱ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ በዲቃላና በውጭ ዝርያ ላሞች ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያህል ይቆያል። በአገር ከብት ከዚያም ያጥራል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ነው፣ አንተ ተኝተህ። ዋናው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ቆማ መቀበሏ ነው። መጮኋ፣ መቅበጥበጧ፣ ወተት መቀነሷ፣ ራሷ ሌላዋ ላይ መውጣቷ ፍንጭ ብቻ ነው። አንተ ግን አንድ ላም ብቻ ነው ያለህ፤ ማን ይውጣባት? ስለዚህ ብልቷን ነው የምታየው። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ከሱም ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ እየተለጠጠ ይንጠለጠላል። ጭራዋ ላይ ደርቆም ልታገኘው ትችላለህ። ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም መግል ከመሰለ ግን ያ ድራት ብቻ አይደለም፣ ማህፀኗ ቆስሏል፤ ያን ቀን አዳቃይ ሳይሆን ሐኪም ጥራ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። እንቁላሉ የሚለቀቀው ድራቱ ካበቃ በኋላ ነው፣ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ። ከተለቀቀ በኋላ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። የኮርማው ዘር ደግሞ ማህፀን ውስጥ ገብቶ፣ ተጉዞ፣ ለመፀነስ ብቁ እስኪሆን በርከት ያለ ሰዓት ይፈልጋል፣ ዕድሜውም አንድ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በጣም ቀድሞ የገባ ዘር እንቁላሉን ሳያገኝ ይሞታል፣ ዘግይቶ የገባው ደግሞ ያረጀ እንቁላል ላይ ይደርሳል። የአዳቃዮቹ ደንብ የመጣው ከዚህ ነው፦ ጠዋት ከታየች ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት። ያንተዋ ጠዋት ታይታ በማግስቱ ከሰዓት ከሆነ ሦስቱም ጊዜ አልፎባታል። ላሟ ምን ታድርግ?

ቀጥሎ ቦታው። ከብልቷ ቀጥሎ ያለውን መተላለፊያ ካለፍክ የማህፀን በር ይመጣል። ጠንካራ ነው፣ በእጅ ሲያዝ ይታወቃል፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ውስጡ ቀጥ ያለ ቧንቧ አይደለም፤ ሦስት ወይም አራት ቀለበት የሚመስል እጥፋት አለው፣ ቀዳዳውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጣመመ ነው የሚሄደው። አዳቃዩ አንድ እጁን በፊንጢጣዋ አስገብቶ የማህፀን በሩን ከላይ የሚይዘው ለዚህ ነው፦ በሌላው እጁ ቀጭኗን ዘንግ እየገፋ፣ ዘንጓን ሳይሆን በሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል። ከመጨረሻው ቀለበት እንዳለፈ አጭሩን የማህፀን አካል ያገኛል፣ ዘሩ የሚፈሰው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ማህፀኑ ለሁለት ቀንድ ይከፈላል፣ በየቀንዱ ጫፍም ቀጭን ቱቦና አንድ አንድ እንቁልጢ አለ። ቸኩሎ ከበሩ ሳያልፍ ያፈሰሰው ዘር አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። ባለሙያው ሁለት ደቂቃ ፈጅቶ ካስጠበቀህ አትናደድበት። በሰከንድ ጨርሶ የሚሄደውን ነው መጠርጠር።

ዘሩም አለ። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ናይትሮጅኑ ከጎደለ፣ ስትሮዋ (ዘሩ የታሸገባት ቀጭን ቱቦ) ወጥታ ከቆየች፣ ወይም በለብ ያለ ውሃ ሳይሆን በብብት ከቀለጠች፣ ውስጧ ያለው ይሞታል። ሲያዩት ግን ያው ነው። «ዘሩ የቀለጠው በምንድን ነው? ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ገንዘብህ ነው። ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሆነ ውሃ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ። መልሱ ይኸው ነው።

ሌላም አንድ ነገር ቁጠር። በ21 ቀን ከተመለሰች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያውኑ አልያዘችም፣ ወይም ይዛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠፍቶባታል። በ35 ወይም በ40 ቀን ከተመለሰች ግን፣ መሃል ላይ የመጣውን ድራት አንተ ሳታየው ካልቀረህ በቀር፣ ፀንሳ ቆይታ ነው የጠፋባት። ፅንሱ በ16ኛውና በ17ኛው ቀን አካባቢ ለእናቱ «አለሁ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ከደረሰ ማህፀኗ አዲስ ዙር የሚያስጀምረውን ሆርሞን ማምረቱን ያቆማል። መልእክቱ ካልደረሰ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ቀኑ ራሱ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል፤ ጻፈው። ወራችን 30 ቀን በመሆኑ ቀላል ነው፦ በሚካኤል ዕለት ካየሃት በሚቀጥለው ወር በበዓታ ጠብቃት። ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ጀምረህ ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለህ እያት፣ ስልክህን ሳትነካ።

በሚቀጥለው ዙር ሰዓቱን አስተካክለህ ካልያዘች፣ ያኔ የማህፀን ምርመራ ታድርግ። ከመመለሷ በፊት ደግሞ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ከሆነ መኖዋን አስተካክል። የከሳች ላም ወተቱን ትሰጥህና ፅንሱን ትተወዋለች።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ላሜ በተጠቃች በሁለተኛው ቀን ጭራዋ ላይ ደም አየሁ። ወረደባት ማለት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናቴ፣ አይጨነቁ። ድራቱ ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ጥቂት ደም መታየቱ የተለመደ ነው፣ በተለይ በጊደሮች። ከማህፀኗ ግድግዳ ላይ ካሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው የሚመጣው። ይዛለችም አልያዘችም አይልም። የሚነግርዎ ነገር አንድ ነው፤ ድራቱ ሳይታይ ያለፈ ቢሆን እንኳ ደሙ ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ እንደነበረ ያጋልጣል። ደም ባዩ ዕለት አዳቃይ መጥራት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ጥያቄ፦ በግቢዬ ዶሮ ጀምሬያለሁ፣ አውራ የለኝም። ያለ አውራ እንዴት እንቁላል ይጥላሉ? አንዷ ቅርፊት የሌለው ለስላሳ እንቁላል ጣለች፣ ሌላዋ እንቁላል ውስጥ ደግሞ ደም አገኘሁ፣ ጫጩት ሊሆን ነበር እንዴ? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ጥያቄ በአንድ ፖስታ! ግን ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ።

ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚያስፈልገው ለጫጩት ነው። ላም ኮርማ አገኘችም አላገኘችም እንቁላሏን እንደምትለቅ ዶሮም ትለቃለች፤ ልዩነቱ የዶሮዋ አስኳል ይዞ፣ ቅርፊት ለብሶ፣ ሳህን ላይ መቅረቡ ነው።

ዶሮ አርደሽ በልተሽ ከሆነ አይተሽዋል። ሆዷ ውስጥ ከጀርባ አጥንቷ ሥር ትንንሽና ትልልቅ ቢጫ አስኳሎች ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ያ እንቁልጢዋ ነው። በግራ በኩል ብቻ ነው ያለው። ቀኙ ገና እንቁላል ውስጥ ሳለች ማደጉን ያቆማል። ከእነዚያ ውስጥ የበሰለው አስኳል ይለቀቅና ማስተላለፊያ ቱቦው አፉን ከፍቶ ይቀበለዋል። እዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ አውራ ቢኖር ኖሮ መፀነሱም የሚሆነው እዚሁ ነው። ቀጥሎ ሦስት ሰዓት ገደማ ነጩ ይጨመርበታል። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ከምናምን ስትልጪው የምታገኚያት ስስ ሽፋን ትለብሰዋለች። ቀሪው 20 ሰዓት ገደማ ለቅርፊቱ ነው። በአጠቃላይ ከ24 እስከ 26 ሰዓት። ለዚህ ነው የምትጥልበት ሰዓት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ሄዶ አንድ ቀን የምታርፈው። ሰነፈች ብለሽ አትቆጫት።

ቅርፊቱ የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ነው፣ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ሆና። 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይፈልጋል፣ በልታ ካላገኘችው ከአጥንቷ ነው የምታወጣው። ለስላሳ እንቁላል የጣለችው ወይ ካልሲየም አንሷታል፣ ወይ በድንገት ደንግጣ ያለጊዜው ጥላዋለች፣ ወይ ገና ጀማሪ ቄብ ናት። አንድ ጊዜ ከሆነ እርሺው። ከደጋገመች የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ ደርቆ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው በዕቃ አድርገሽ አቅርቢላት፣ በተለይ ወደ ማታ።

ደሙ ጫጩት አይደለም። አውራ በሌለበት ጫጩት ከየት ይመጣል? አስኳሉ ከእንቁልጢው ሲላቀቅ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተበጥሳ የፈሰሰች ጠብታ ናት። በማንኪያ አውጥተሽ ቀሪውን ጥበሺው፣ ካልቀፈፈሽ።

አንድ ምክር ልጨምር። አውራ ያለው ሰው እንቁላል ለመታቀፍ ሲያዘጋጅ «አውራውን ከሸጥኩ ሳምንት ሆኖኛል፣ አይፈለፈልም» ይላል። ይፈለፈላል። ዶሮ የአውራውን ዘር በቱቦዋ ጫፍ አካባቢ ባሉ ጥቃቅን ኪሶች አስቀምጣ ሁለት ሳምንት ያህል በቁጠባ ትጠቀምበታለች። ስለዚህ የአውራ ዝርያ መቀየር የምትፈልጉ፣ የድሮው ከወጣ በኋላ ሦስት ሳምንት ታገሡ፣ አለበለዚያ የሚወለዱት የሄደው ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ላሜ መንታ ወለደች፤ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት። ሴቷን ለወተት ላሳድጋት? (ከምዕራብ ጎጃም)

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ግን ሴቷ ላይ ተስፋ አይጣሉ። ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ከሚወለዱ ጊደሮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አይወልዱም። የሁለቱ የእንግዴ ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳሉ ይገናኝና ደማቸው ይቀላቀላል፤ የወንዱ ሆርሞን የሴቷ ማህፀንና እንቁልጢ ገና ሳይሠራ ይደርስና እድገቱን ያበላሸዋል። በውጭ ሲያዩዋት ምንም አይልባትም፣ የምታምር ጊደር ናት። ሐኪም ግን ገና ጥጃ ሳለች ጫፉ ደንዛዛ በሆነ ንጹሕ ቱቦ የብልቷን ጥልቀት ለክቶ ሊነግርዎ ይችላል፤ የመንታዋ በጣም አጭር ይሆናል። ያስለኩ፣ ከዚያ ይወስኑ። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ችግር የለበትም፣ እናቲቱም ደህና ናት። ሁለቱም ሴት ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ደም እየፈሰሳት ነው። የወር አበባ ነው? የሰፈር ወንድ ውሾች በር ላይ ተኮልኩለዋል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የወር አበባ አይደለም የኔ እህት፣ ከሰው ጋር ግልባጭ ነው። ሴት ልጅ ደም የምታየው ፅንስ ሳይኖር ሲቀር ነው። ውሻ ግን ደም የምታየው እንቁላሏ ከመለቀቁ በፊት፣ ለመጠቃት ስትዘጋጅ ነው። ደሙ 9 ቀን ገደማ ይቆያል፣ በዚህ ጊዜ ወንዶቹን ታባርራለች። ደሙ ሲሳሳና ሲገረጣ ሰው «አለፈ» ብሎ በሩን ይከፍታል፤ እሷ መቀበል የምትጀምረው ደግሞ ያኔ ነው። ሌላ ዘጠኝ አሥር ቀን ዝጊባት። ካመለጠች 63 ቀን ገደማ ቁጠሪ። ከአንድ በላይ ወንድ ካገኘች ቡችሎቹ የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል፣ አንዱ ቡናማ አንዱ ጥቁር ቢሆን አትደነቂ።

ሲጠቁ ደግሞ ይጣበቃሉ። የወንዱ ብልት ሥሩ ላይ ውስጧ ገብቶ ያብጣል፣ እሷም ጨምቃ ትይዘዋለች፤ ከአምስት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ልጆች በድንጋይ፣ ትልልቆቹ በውሃ ሊያላቅቋቸው ሲሞክሩ ሁልጊዜ አያለሁ። ተዉአቸው። በኃይል ማላቀቅ ሁለቱንም ነው የሚጎዳው፣ ደግሞም ከተጣበቁ በኋላ ማላቀቅ እርግዝና አይከለክልም።

ብርቱ ነገር ልንገርሽ፦ ከዚህ ጊዜ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ውሃ አብዝታ ከጠጣች፣ መብላት ካቆመች፣ ከብልቷ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ሆዷ ከተነፋ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ነገ አትበዪ፣ ያን ዕለት ሐኪም ጋ ውሰጃት። እንድትወልድ ካልፈለግሽ ማስመከን ይህን ሁሉ ያስቀርልሻል።

ጥያቄ፦ ሳዑዲ ግመል እጠብቃለሁ። ሴቶቹ እንደ አገራችን ላም ምልክት አያሳዩም፣ መቼ እንደሚፈልጉ እንዴት ይታወቃል? (ከሪያድ አቅራቢያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የግመል ነገር ሌላ ነው። ሴቷ እንቁላሏን የምትለቀው ከተጠቃች በኋላ ነው፤ ካልተጠቃች የበሰለው እንቁላል ሳይለቀቅ ይከስማል። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ አትጠብቃት። በወቅቱ የሚያብደው ወንዱ ነው፣ በብርድ ወራት፦ አረፋ ይደፍቃል፣ ያጉረመርማል፣ ከአፉም ቀይ ፊኛ የመሰለ ሥጋ ያንጠለጥላል። አትደንግጥ፣ ምላሱ አይደለም፤ የላንቃው ለስላሳ ክፍል ነው። እርግዝናው 13 ወር ገደማ ነው። ማህፀኗ እንደ ላም ባለ ሁለት ቀንድ ቢሆንም ፅንሱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚያድገው በግራው ቀንድ ነው። ያረገዘች ግመል ወንድ ሲቀርባት ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች፣ የቆዩ ጠባቂዎች በዚህ ነው የሚለዩት። አብረውህ ያሉትን ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ጅብ እውነት አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናል? ጓደኛዬ ሲምል ነው። (ከሐረር)

መልስ፦ ጓደኛህ የማለው ያየውን ይዞ ነው፣ አይፈረድበትም። በእናንተ ከተማ ማታ ማታ የሚበላው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ፣ ሴቷ የወንድ ብልት የመሰለ ነገር አላት። የሚቆም፣ የሚንጠለጠል፣ ከሥሩም የቆለጥ ከረጢት የመሰለ እብጠት ያለበት። ቂንጥሯ ነው እንዲያ ያደገው፤ ከረጢት የመሰለው ደግሞ የተጋጠመ ከንፈር ነው፣ ውስጡ ስብ እንጂ ቆለጥ የለም። ሌላ ቀዳዳ ስለሌላት የምትሸናውም፣ የምትጠቃውም፣ የምትወልደውም በዚያው ነው። አርስቶትል እንኳ በዘመኑ ጅብ ሁለት ፆታ አለው የሚሉትን ተሳስታችኋል ብሏቸዋል፤ ወሬው ግን ይኸው እስካሁን አልሞተም።

መውለዱ ከባድ ነው። ከ110 ቀን ገደማ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ልጅ ትወልዳለች፣ መንገዱ ረጅምና ጠባብ ነው፣ መሃሉ ላይም ይታጠፋል፣ እትብቱ ደግሞ ከመንገዱ ያጥራል። የመጀመሪያ ወሊድ ላይ ብልቷ ይተረተራል፣ ብዙ የበኩር ልጆችም ታፍነው ይሞታሉ። የሚገርመው ግን ሌላው ነው፦ እሷ ካልፈለገች ወንዱ ምንም ማድረግ አይችልም። ብልቷን ወደ ውስጥ ስባ መንገድ ካልሰጠችው በኃይል የሚሆን ነገር የለም። መንጋውንም የምትገዛው እሷ ናት። ባለ መስመሩ ጅብ ግን ይህ የለውም፣ ሴቷ እንደማንኛውም እንስሳ ናት። ወንድና ሴቱን ለመለየት ከፈለግህ ጫፉን እይ፣ የወንዱ ሾጠጥ ያለ ነው፣ የሴቷ ደፍጠጥ ያለ። በጣም ሳትጠጋ።

ጥያቄ፦ በቅሎ ጭራሽ አትወልድም? (ከሰላሌ)

መልስ፦ አባባ፣ ፈረስ 64 ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የያዘ ክር) አላት፣ አህያ 62፣ በቅሎ መሃል ላይ 63 ይዛ ትቀራለች። ጎዶሎ ቁጥር ለሁለት እኩል አይከፈልም፤ ስለዚህ ጤናማ እንቁላል መሥራት ያቅታታል። ማህፀኗ ግን ደህና ነው። ድራትም ታሳያለች፣ የፈረስ ፅንስ ከሌላ ተወስዶ ሲቀመጥባት አርግዛ የወለደች በቅሎ አለች፣ ወተትም ሰጥታ አሳድጋለች። በራሷ የወለደች ተብላ የተመዘገበችም አለች፣ እጅግ ጥቂት። የእርስዎዋ ሆዷ ከገፋ መጀመሪያ ሣር ይቀንሱላትና ይዩ። ከዚያም ካልቀነሰ ይደውሉልኝ፣ ራሴ እመጣለሁ።